የእድራችን ድንኳን ሞጣ ሜዳ ላይ

ከቢቸና ገዳሪፍ ስንት ቀን ያስኬዳል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ከማን ጋር ልትሄድ ነው? እላለሁ። ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከይበልጣል ጋር ከሆነ ስንቅህን ጨምር።

እኔ ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም። ቤቴ፣ ልጆቼና ቤተ ክርስቲያኔ ይበቁኛል። ለሰጠኝ ተመስገን እላለሁ፤ ለነሣኝም እንዲሁ። ይህን ግን ካልተናገርኩት ያንቀኛል። የንስሐ አባቴ "ንዴትሽን አውጪው እንጂ አታሳድሪው" ብለውኛል። ለማን እንደማወጣው አልነገሩኝም። እናንተ ተገኛችሁ።

ልጄ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ አግብታ ትኖራለች። ያን ጊዜ መንገዱም ድንበሩም ክፍት ነበር። ሴት ልጅ ወለደች፣ ተመስገን። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሰማንያው እሑድ ይውላል። ክርስትና እናት እንድትሆን የተመረጠችው ጎረቤቴ የሻረግ ናት። ልጄን ከኔ እኩል ያሳደገች ሴት ናት። ልጄ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ "እማዬ፣ እዚህ ያሉት ቄስ ማንንም አይጠብቁም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ያጠምቃሉ። ካልደረሳችሁ ሌላ ሴት ታነሣታለች።"

"እንደርሳለን" አልኳት።

ባለቤቴ ወገቤን ብሎ ቀረ። ወንድሙን ከኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ሚኒባስ ተገኘ። ዘመድ ጎረቤት ሆነን ሞላነው። ዓርብ ማለዳ ተነሥተን ጎንደር ልናድር፣ ቅዳሜ ድንበሩን ተሻግረን ልንገባ ነው። ማደሪያውን በተመለከተ እኔ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር። "ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እናድራለን" አልኩ። ለመንገደኛ ጥግ የነፈገ ቤተ ክርስቲያን አላውቅም። ይበልጣል ሳቀ።

"እታለም፣ ዘመኑ የካምፒንግ ነው።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ድንኳን ይዞ ሜዳ ላይ ማደር ነዋ! ለጤና ነው። ወርክሾፕ ላይ በፊልም አሳይተውናል። ፈረንጅ ሆቴል እያለለት ሜዳ ላይ ነው የሚያድር።"

"ፈረንጅ ሜዳ የሚያድረው ዘመድ ስለሌለው ነው።"

"ይኸው! ስልጣኔ በመጣ ቁጥር እርስዎ በር ይዘጋሉ።"

ይበልጣል የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ወርክሾፕ የማይሄድበት ወር የለም፤ በተመለሰ ቁጥር እኛ ላይ የሚሞክረው ነገር አያጣም። ከዚህም ሌላ የእድራችን ዳኛ ነው። ድንኳኑን ከየት እንዳመጣው እናንተ ቶሎ ገብቷችኋል። እኔ የገባኝ ዓርብ ጠዋት፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ሳየው ነው።

በዚያ ድንኳን ውስጥ አባቴን አልቅሻለሁ። አማቴን አልቅሻለሁ። በሟች ቤት በር ላይ ካልሆነ በቀር የትም ተተክሎ አያውቅም።

"ይበልጣል፣ ይህ እኮ የሐዘን ድንኳን ነው።"

"ሸራ ነው እታለም። ሸራ ምን ያውቃል?"

ሸራው ባያውቅ ሰው ያውቃል። ብረቱ ሲጫን ድምፁን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። "ማን ነው?" "ማን አረፈ?" ይበልጣል ለእያንዳንዱ እየቆመ ስለ ካምፒንግ አስረዳ። አንዲት ባልቴት ከወዲያ ማዶ እያለቀሱ ስለመጡ መመለስ አፈሩ። "እንግዲህ ለማንም ይሁን፣ ነፍስ ይማር" ብለው ጥቂት አልቅሰው ሄዱ። ከቢቸና ስንወጣ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። መንገድ ላይ ደግሞ ጎማ ተነፈሰ። ጎማው የተነፈሰው በብረቱ ክብደት ነው አለ ሾፌሩ። ይበልጣል በመንገዱ ነው አለ። ሞጣ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

"እዚህ እናድር" አለ ይበልጣል።

"ገና ሞጣ ነን እኮ" አለች የሻረግ።

"ካምፒንግ ሳይመሽ ነው የሚተከል። ቅዳሜን ሌሊት ተነሥተን እንበርበታለን።"

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የተስተካከለ ሜዳ አገኘ። ከሜዳው ጫፍ አጥር ያለው ቤት አለ። ውኃ ቀድታ የምታልፍ ሴት ጠየቅን። "ሜዳው የአያ ንጋቱ ነው" አለችን። "ታመው ተኝተዋል። ሚስታቸውም ጸበል ልታመጣላቸው ሄዳለች።" የታመመ ሰው አይቀሰቀስም። እኛም ጨዋዎች ነንና ሰውየውን ላለማስቸገር በጸጥታ፣ ሳናንኳኳ፣ ድንኳናችንን በራቸው ፊት ለፊት ተከልን።

እስቲ አሁን ይህን መልሳችሁ አንብቡት። እኔ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ።

ተክለን ሳንጨርስ አንድ መንገደኛ ቆመ። ድንኳኑን አየ። የተዘጋውን በር አየ። እጁን አናቱ ላይ አድርጎ "ወይኔ አያ ንጋቱ!" ብሎ ወደ መንደሩ ሮጠ። እኛ እግራችንን ዘርግተን ተቀምጠናል። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ መጡ።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ ብድግ ብዬ።

"አያ ንጋቱ!"

"እኒያ የታመሙት? ሞቱ?"

"ሞቱ እንጂ እህቴ! ሞቱ እንጂ!"

ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ የሚያይ ክርስቲያን አለ? እነሱ ድንኳኑን አይተው ሞቱ አሉ። እኛ እነሱን ሰምተን ሞቱ አልን። እኛ እነሱን ቤተ ዘመድ አደረግናቸው፤ እነሱም እኛን ከሩቅ የመጣን ቤተ ዘመድ። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። "እየገነዟቸው ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ ማን ያንኳኳል?

ይበልጣልን ማየት ነበረባችሁ። ዳኝነቱ መጣበት። "ውኃ በዚህ! እንጨት በዚያ! ሽማግሌዎች ወደ ውስጥ!" እያለ የማያውቀውን መንደር ሰው አሰማራ። ንፍሮ መጣ። ተመስገን፣ ንፍሮው ጥሩ ነበር፤ ዓርብም ስለነበር ጾሙን አላፈረሰብንም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አዩ እታለም? እግዜር አውቆ ነው ድንኳኑን ያስያዘን" አለኝ። አመንኩት። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አልቃሽ መጣች። ድምፅ ሰጥቷታል። ከመሐል ቆማ፦

እጁ የማይታጠፍ፣ በሩ የማይዘጋ፣
ምነው ንጋቱዬ መሸብን ሳይነጋ

ስትል የሻረግ ልቧ እስኪጠፋ አለቀሰች። ሰውየውን አይታ አታውቅም።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው እየተንገዳገዱ ገቡ። አያ ደምሌ ይባላሉ፤ የአያ ንጋቱ የመሬት ጎረቤት ናቸው። እኔን የሟች እህት ያደረጉኝ ይመስለኛል። መጥተው ክንዴ ላይ ወደቁ። ደገፍኳቸው። እንዲህ እያሉ አለቀሱ፦ "ንጋቱ ወንድሜ፣ ሳልነግርህ ሄድክብኝ! ያን የወሰን ድንጋይ እኔ ነኝ ያራመድኩት! ጎርፍ ነው የወሰደው ብዬ የማልኩብህ እኔ ነኝ! ከእንግዲህ ማን ይፍታኝ?"

"እግዜር ይፍታዎ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ።

አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላ ይዘው ብቅ አሉ። አልቃሿ ግጥሟን ሳትጨርስ ሮጠች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያያዙ። የሻረግ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ወደ ኋላ ተሳበች። እኔ አማተብኩ።

"ማንም እንዳይነሣ!" አሉ አያ ንጋቱ። "ደምሌ፣ ያልከውን ድገመው!"

"አንተ... አልሞትክም?"

"ልሞት ነበር። ድንጋዬን ስሰማ ተመለስኩ።"

ከአልቃሿ የመጀመሪያ ግጥም ጀምሮ ከአጥሩ ጀርባ ቆመው ይሰሙ ነበር። አንዷ ጎረቤታቸው "ታዲያ ምነው ቶሎ አይወጡም፣ እኛን ሲገድሉ!" ብላ ተቆጣች።

"የኔን መወደስ ደግሜ የምሰማ መሰለሽ? ሲያልቅ ልወጣ ነበር።"

ተሳቀ ብላችሁ እንዳትገምቱ። አንድ ሰው ብቻ ሳቀ፤ ሾፌራችን ጥጋቡ። አይቼው ተወ።

ድንኳኑ ወዲያው ሸንጎ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ንፍሮውም ፊታቸው ነው። አያ ደምሌ እንባቸውን ጠርገው ሌላ ሰው ሆኑ።

"በለቅሶ የተነገረ ቃል አይያዝም" አሉ። "ሐዘንተኛ ምን የማይለው አለ?"

"ሐዘንተኛ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው" አሉ አያ ንጋቱ። "ማን ሞተ?"

"ድንኳን አለ። ንፍሮ አለ። አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ለመሆን ምን ጎደለው?"

"ሬሳ!"

ሽማግሌዎቹ ይህንንም ንፍሮውንም አመነዠኩ። የኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ካገኘ እራት አያምረውም። በመጨረሻ አንደኛው "ምስክር ይምጣ" አሉ። "የመንደሩ ሰው አንድም የንጋቱ፣ አንድም የደምሌ ወገን ነው። እነዚህ እንግዶች ግን የማንም አይደሉም። እነሱ ይናገሩ።"

ወደ ይበልጣል ዞሩ።

"እኔ ገመድ እያጠበቅሁ ነበር" አለ።

"እኔ ሳለቅስ አልሰማም" አለች የሻረግ።

"እኔ ሞተሩ ውስጥ ነበርኩ" አለ ጥጋቡ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ይበልጣል ከኋላ በዓይኑ ይለምነኛል። የሚለው ገብቶኛል። አልሰማሁም ካልኩ ሌሊቱን ተነሥተን እንሄዳለን። ሰማሁ ካልኩ ምስክር ነኝ፤ ምስክር ደግሞ ነገሩ ሳያልቅ አይሄድም። የልጅ ልጄ ፊት መጣብኝ። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ግን መጣብኝ። ከልጄ ድምፅ ጋር፦ ቄሱ አይጠብቁም።

አያ ደምሌም አዩኝ። እንደሚፈሩኝ ገባኝ። ተናደድኩ። በእሳቸው ተናደድኩ፤ በድንኳኑ ተናደድኩ፤ በወርክሾፑ ተናደድኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ባልሞቱት በአያ ንጋቱም ትንሽ ተናደድኩ።

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

"በሐዘን የተናገርኩት ነው እህቴ!" አሉ አያ ደምሌ።

"አባቴ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። ክንዴ ላይ ነው ያለቀሱት። እጅጌዬ ገና አልደረቀም።"

እጅጌዬን ዘረጋሁላቸው። አዩት። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። "ሲነጋ እመልሰዋለሁ" አሉ። ድምፃቸው ቅድም ሲያለቅሱ የነበረው ድምፅ ነበር።

"ተመስገን" አልኩ። "እንግዲያ እኛ ሌሊት እንሂድ።"

"የት?" አሉ ሽማግሌው። "ድንጋዩ ሲመለስ ያላየ ምን ምስክር ነው?"

ስለዚያ አዳር የምለው የለኝም። ካምፒንግ ማለት መሬት ላይ መተኛት ነው። እኔ መሬት ላይ ስተኛ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ለሱባኤ ተኝቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ጸሎት ነበረው።

ሲነጋ ድንጋዩ ተነሣ። ነገር ግን የት ይቀመጥ? አያ ንጋቱ ወደ ደምሌ አብዝተው ወሰዱት። "እዚያ ድረስማ አላራመድኩትም!" አሉ አያ ደምሌ። ሌባው ልኩን ያውቃል። ይበልጣል መሐል ገብቶ በድንኳኑ ገመድ ይለካ ጀመር። ለሁለቱም የማይስማማ ልክ አወጣ። በመጨረሻ አያ ደምሌ ተቆጥተው ድንጋዩን አቀፉና ራሳቸው ትክክለኛው ጉድጓድ ላይ ጣሉት። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ እዚያው ነበር። እስከዚያ ድረስ ማንም አላየውም። ቀጥሎ ምሳ ተባለ። ታርቆ የማይበላ የለም፤ ያስታረቀም አይሄድም። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች።

"ድንኳኑን ንቀል" አልኩት ይበልጣልን።

አያ ንጋቱ ዱላቸውን ምሰሶው ላይ አስደገፉ። "ይህ ድንኳን በቁሜ ገድሎኛል። በሦስተኛው ቀን ቄስ መጥተው እርቃችንን ሳይባርኩ አይነሣም። ተነሥቶ የቀረልኝን ሞት መልሶ ቢጠራው ማን ይጠየቃል?"

መንደሩ ሁሉ "እውነት ነው" አለ።

ይበልጣል ላብ በላብ ሆነ። "እታለም፣ የእድር ዕቃ ነው። እኔ ዳኛ ነኝ። ጥዬው ብሄድ ቢቸና ምን ፊት ይዤ እገባለሁ?"

"እንግዲያ ቅር" አልኩ።

"ብቻዬን?"

"ካምፒንግ ነዋ።"

መኪናው ተነሣ። በመስኮት ሳየው ከአያ ንጋቱና ከአያ ደምሌ መሐል ቆሟል። እጁን ያወዛውዛል፤ ስንብት ይሁን ጥሪ አልለየሁትም፤ ለመለየትም አልሞከርኩም።

ጥጋቡ ነዳ። ባሕር ዳርን በመስኮት አየናት። ጎንደርን አላየናትም። መተማ ስንደርስ ድንበሩ ተዘግቷል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። በረኛው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ምንጣፍ አነጠፉልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሙቀቱና ቢንቢው ሌላ ነገር ነው። የሻረግ የክርስትናውን ልብስ ቢንቢ እንዳይነካው ደረቷ ውስጥ ይዛ ተኛች። ከነጭ ጥጥ የፈተለችው የራሷ ፈትል ነው።

እሑድ ድንበሩ ሲከፈት መጀመሪያ የቆምነው እኛ ነበርን። መኪናው ከዚያ አያልፍም። ድልድዩን በእግር ተሻግረን የሱዳን አውቶቡስ ያዝን። ገዳሪፍ እስክንገባ ለልጄ የምናገረውን ቁጣ አዘጋጀሁ። እናትሽን አንድ ጠዋት መጠበቅ አቃተሽ? የሚል ነበር መጀመሪያው። ከዚያ ይብሳል።

ቤቱ ስንገባ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ሰው በልቶ ጨርሷል። ሕፃኗ ማተቧ አንገቷ ላይ ነው። የያዘቻት የማላውቃት ሴት ናት። ቀጭን ናት፤ እጇ በእሳት የጠቆረ። ስታየን ብድግ ብላ ልጅቷን ይዛ ጉልበቴ ላይ ተደፋች።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቄሱ አልጠብቅም አሉ።"

ልጄ ከኋላ መጣች። "እማዬ፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ጎረቤቴ ናት። ምጥ የያዘኝ ቀን ተሸክማ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። ስራዋን ጥላ በር ላይ ያደረችውም እሷ ናት።"

ያዘጋጀሁት ቁጣ አፌ ላይ ነው። ለማን ልስጠው? ክርስትና እናት ማለት ልጅ ስታለቅስ የምትሰማ ናት። ከቢቸና አይሰማም።

ወደ የሻረግ ዞርኩ። ያሳዘነችኝ እሷ ናት። ቆማለች። ከዚያ ደረቷ ውስጥ እጇን ሰድዳ ልብሱን አወጣች። አራግፋ ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

"የክርስትና ልጅሽን አልብሻት" አለቻት። "እጅጌው ትንሽ ይሰፋል። ታድግበታለች።"

ተመስገን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ንዴቴ ግን አልጠፋም፤ ቦታ ብቻ አጣ።

ቦታ ያገኘው በማግስቱ ነው። የልጄ ስልክ ጮኸ። ይበልጣል ነው።

"እታለም! ደረሳችሁ?"

"እኛ ደርሰናል። ክርስትናው ቀድሞናል።"

"ውይ... እግዜር ያውቃል እታለም። እኔስ ብነግርዎ አያምኑኝም! እርቁ ተባረከ። አያ ንጋቱ ድነዋል፤ ዛሬ እርሻ ወጥተዋል። ድንኳኑም ተነቅሏል። ብረቱን ይዤ መንገድ ዳር እወጣና እጠብቃችኋለሁ። መቼ ነው በዚህ የምታልፉ?"

"በአማኑኤል ከተማ በኩል ነው የምንመለሰው። በደጀን እንዞራለን።"

ከተሞቹን በአፉ ሲቆጥር ሰማሁት።

"እታለም፣ የአማኑኤል መንገድ እኮ በሞጣ አያልፍም።"

"አዎ" አልኩ። ስልኩን ለልጄ መለስኩላት።